ለጥናቱም ለትምህርቱም ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለአንዲት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል አጠቃላይ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ካገኘሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከጤና ጣቢያ ተልከው የሚመጡልን ሕፃናት፣ በተለይ በክረምት፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ነው የሚደርሱት። ይህን ጉዳይ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ማስተርሴንም መማር እፈልጋለሁ። ለብዙ የውጭ ድርጅቶች ጽፌ መልስ የሰጠኝ የለም። አሜሪካ ያለችው እህቴ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ልታዋጣልኝ ትችላለች፤ ነገር ግን እስከ የት ያደርሰኛል? ገንዘቡን የሚሰጠኝ ማን ነው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎችዎ ያለ መልስ የቀሩት እርስዎ ብቁ ስላልሆኑ አይመስለኝም። በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጉዳዮችን አስረዋል፤ የሁለቱ ገንዘብ ደግሞ ከተለያየ ቦታ፣ በተለያየ መንገድ ነው የሚመጣው። የትምህርት ገንዘብ ለሰው ይሰጣል። ማስተርስ ልማር የሚል ሰው በራሱ ስም ያመለክታል፣ በራሱ ስም ይመረጣል፣ የኪስ ገንዘቡም በራሱ የባንክ ሒሳብ ይገባለታል። የምርምር ገንዘብ ግን የሚሰጠው ለተቋም ነው። ማመልከቻው በሆስፒታሉ ወይም በዩኒቨርሲቲው ስም ይገባል፤ ውሉን ተቋሙ ይፈርማል፤ ወጪውንም የተቋሙ ፋይናንስ ክፍል ያወራርዳል። «ጥናት ማካሄድም መማርም እፈልጋለሁ፣ እርዱኝ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው የድርጅት ሠራተኛ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚመራው ስለማያውቅ ወደ ጎን ያደርገዋል።

እኔ የምርምር ድጋፍ ማመልከቻዎችን በማዘጋጀትና በመገምገም ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ከጥናቱ እጀምራለሁ። እርስዎ እጅ ላይ አስቀድሞ ሀብት ያለው እዚያ ነው።

የመረጡት ርዕስ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨቅላ ሕፃን የሰውነት ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ሲያንስ ቅዝቃዜ ይለዋል፤ ከ36 እስከ 36.4 ያለው ቀላል፣ ከ32 እስከ 35.9 ያለው መካከለኛ፣ ከ32 በታች የሆነው ከባድ ነው። ይህን ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የደም ናሙና ወደ ውጭ አይላክም። ቴርሞሜትር፣ የክፍሉ መዝገብና ከጤና ጣቢያው የመጣው የሪፈር ወረቀት ይበቃሉ። ርካሽ ጥናት ማለት ዋጋ የሌለው ጥናት ማለት እንዳልሆነም ከአገራችን ምሳሌ አለ። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት፣ ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆኑ 123 ሕፃናትን ብቻ ይዞ፣ ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ በእናቱ ደረት ላይ ቢደረግ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። በእናታቸው ገላ ላይ ከተደረጉት ሕፃናት መካከል የሞቱት ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ያው ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በብዙ ገንዘብ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ፤ ሞትን በ25 በመቶ ቀንሷል። ትልቁ ገንዘብ የመጣው ትንንሾቹ ጥናቶች መንገዱን ካሳዩ በኋላ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይፈልግም። ባለፈው ዓመት ከጤና ጣቢያ ተልከው ወደ ክፍልዎ ከገቡት ሕፃናት ስንቶቹ በገቡበት ሰዓት ሙቀታቸው ተለክቶ ተመዘገበ? ከተለካላቸው ውስጥ ስንቶቹ ከ36.5 በታች ነበሩ? ይህን ለክፍሉ የሥራ ማሻሻያ በኃላፊዎ ፈቃድ መቁጠር ይችላሉ። ከግማሽ በላዩ የሙቀት ዓምድ ባዶ ሆኖ ካገኙት ተስፋ አይቁረጡ፤ ባዶው ዓምድ ራሱ ግኝት ነው። ቁጥሩን በጽሑፍ ሊያሳትሙት ካሰቡ ግን ከመጀመራችሁ በፊት የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው፤ ካለቀ በኋላ ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴ የለም። የመዝገቡን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ወደ ቤት መውሰድ ደግሞ በጭራሽ አይሞከርም። የእናቶች ስም አለበት።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል ቢሉኝ፣ አብዛኛው ማመልከቻ አንድ ዓይነት ነው የሚጀምረው። የኢትዮጵያ የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29 ነበር ይላል። እውነት ነው፤ ግን ገምጋሚው ይህን ዓረፍተ ነገር በየማመልከቻው አንብቦታል። «በእኛ ክፍል ከተላኩልን ሕፃናት ይህን ያህሉ ቀዝቅዘው ደረሱ፤ የመጡትም በአማካይ ይህን ያህል ሰዓት ተጉዘው ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ከእርስዎ በቀር ሊጽፈው የሚችል ሰው የለም።

የመጀመሪያው ትንሽ ገንዘብ የሚገኘው በአካባቢዎ ባለው ዩኒቨርሲቲ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራኖቻቸው የውስጥ የምርምር ጥሪ ያወጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ነው። ገንዘቡ አነስተኛ ነው፤ የእርስዎ ጥናትም አነስተኛ ነው። ዋናው እንቅፋት ጥሪው ለመምህራን ብቻ መሆኑ ነውና ከነርሲንግ ወይም ከሕፃናት ሕክምና ትምህርት ክፍል መምህር ጋር ሆነው መግባት ይኖርብዎታል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። በአገራችን በሆስፒታል የሚካሄድ ጥናት አብዛኛው ነርሶች በሰበሰቡት መረጃ የቆመ ነው። መጠይቁን ይዞ እናትየዋን የሚያነጋግረው ነርስ ነው፤ ካርድ ከካርድ ክፍል የሚያወጣው ነርስ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገባውን ሕፃን የሚለካውም ነርስ ነው። ጥናቱ ሲታተም ግን ነርሷ የምትገኘው በመጨረሻው ገጽ «መረጃ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን» በሚለው ውስጥ ነው፤ ያውም ስሟ ሳይጠራ። አበሏ ተከፍሏታል፣ ነገሩ አለቀ። በእኔ እምነት የነርሶች የምርምር ገንዘብ እጥረት ግማሹ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የገንዘብ ሰጪ ድርጅት የሚጠይቀው «ከዚህ በፊት ምን አሳተሙ?» ብሎ ነውና፣ ስንት ጥናት የተሸከመች ነርስ በወረቀት ላይ ባዶ እጇን ትቀርባለች።

ስለዚህ ከመምህሩ ጋር ሲነጋገሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተባባሪ ተመራማሪ ሆነው ስምዎ በፕሮፖዛሉ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። በጨዋነት፣ ግን በግልጽ። ጥያቄውን ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ የመጀመሪያውን ቁጥር የቆጠሩት እርስዎ ነዎት። በምላሹ ደግሞ የተባባሪ ተመራማሪ ሥራ መሥራት ይጠበቅብዎታል፤ ፕሮፖዛሉን አብሮ መጻፍ፣ ውጤቱን አብሮ መተንተን፣ ረቂቁን አንብቦ ማረም። መረጃ ሰብስቦ ብቻ ደራሲ ልሁን ማለት ተቀባይነት የለውም። በቃል የተስማሙበትን ነገር በኢሜይል አንድ መስመር ጽፈው ያጽኑት፤ ቅያሜ የሚመጣው ሁልጊዜ ሳይጻፍ ከቀረው ነገር ነው።

ማንበቢያ ጽሑፍ የት አገኛለሁ ካሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለው አገልግሎት ለኢትዮጵያ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ይከፍታል። የይለፍ ቃሉ ያለው በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሆስፒታልዎ ካልተመዘገበ መመዝገብ ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ይረዳዎታል።

አሁን ወደ በጀቱ። ጥሩ ማመልከቻ ከደካማው የሚለየው እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። ገምጋሚ ሐተታውን በጥድፊያ ያነባል፤ በጀቱን ግን መስመር በመስመር ነው የሚያየው፤ ጥናቱን በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው እዚያ ይታወቃልና። ለምሳሌ «ቴርሞሜትር» ብለው ብቻ ከጻፉ ገምጋሚው ሆስፒታሉ ቴርሞሜትር የለውም ወይ ይላል። «የተለመደው የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች ስለማያነብ፣ መካከለኛውንና ከባዱን ቅዝቃዜ መለየት የሚችል ዝቅተኛ ሙቀት የሚያነብ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል» ብለው ከጻፉ ግን ገምጋሚው በመቀመጫው ላይ ይስተካከላል። ይህች ሰው ሕፃን ለክታ ታውቃለች ይላል። በአንጻሩ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ ትልቅ ቁጥር መጻፍ ጥርጣሬን ይጠራል። ስልጠና ካለ የስንት ሰው፣ የስንት ቀን፣ ሻይው ስንት፣ ወረቀቱ ስንት ይባላል። ወደ ጤና ጣቢያዎች ጉዞ ካለ ከየት እስከ የት፣ በምን መኪና። የውሎ አበሉ በመንግሥት ወይም በዩኒቨርሲቲው ተመን መሆን አለበት፤ ከራስዎ ተመን ማውጣት አይቻልም። ለሥነ ምግባር ግምገማ የሚከፈል ካለ እሱም ይገባል። ውጤቱን ለጤና ጣቢያዎቹ የሚያሳውቁበት የአንድ ቀን ስብሰባም ይገባል፤ ሰዎች ይረሱታል፣ ገንዘብ ሰጪዎች ግን ይወዱታል።

ገንዘቡ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ በጀቱን በብርም በሰጪው ገንዘብም ያቅርቡ፤ የተጠቀሙበትን የምንዛሪ ተመንና ቀን ከሥሩ ይጻፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በጀታቸውን በብር ብቻ ጽፈው ዕቃ ከውጭ ሊያስገቡ ያሰቡ ተመራማሪዎች ዕቃው ከእጃቸው ወጣ። ሌላው የበጀት ዓመቱ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል። በግንቦት የተለቀቀ ገንዘብ በግዢ ሥርዓት ውስጥ ሲንከባለል ሰኔ ያልቅበታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ ድረስ ፋይናንስ ክፍሉ ክፍያ ለመፈጸም ሲቸገር ያያሉ። ክረምትን ለማጥናት ከፈለጉ ደግሞ መረጃ የሚሰበስቡት ልክ በዚያ ወቅት ነው! ስለዚህ ዕቃው እስከ ሚያዝያ እንዲገዛ፣ የአበል ቅድሚያ ክፍያውም አስቀድሞ እንዲወጣ የጊዜ ሰሌዳውን ወደ ኋላ ቆጥረው ይሥሩ።

ትልልቆቹን ገንዘብ ሰጪዎች በአጭሩ ላንሣቸው፤ ምክንያቱም ብቻዎን የሚሄዱባቸው ጊዜ ገና ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በዓለም ላይ ለሕክምና ምርምር ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚመድብ የመንግሥት ተቋም ነው፤ በሥሩ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው የፎጋርቲ ማዕከል በእኛ ዓይነት አገሮች ለሚሰጥ የምርምር ሥልጠና ይከፍላል። ግን የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲዎች ነው። ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ መንግሥት የምዝገባ ሥርዓት ውስጥ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ይህ ራሱ ሳምንታት ይወስዳል። በእንግሊዝ ያለው ዌልካም ትረስት ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ጥሩ ቢሆንም ዶክትሬት ወይም ያን የሚያህል የምርምር ልምድ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ ትብብር ኢትዮጵያንም በአባልነት ያቀፈ ነው፤ ትኩረቱ ግን ተላላፊ በሽታዎችና የመድኃኒት ሙከራዎች ናቸው።

2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይህን ሜዳ አናውጦታል። የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በጃንዋሪ ወር ታገደ፤ የዩኤስኤይድ ሥራ በጁላይ 1 ተዘጋ። በሜይ 1 ብሔራዊ የጤና ተቋሙ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያገኙት ድጋፍ ለውጭ አጋሮቻቸው የሚያካፍሉበትን አሠራር አዲስ ሥርዓት እስኪዘረጋ አቆመ። የእኛ ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሚያገኙት በዚሁ የማካፈል መንገድ ነበርና ጉዳቱ ቀጥተኛ ነው። ስለዚህ «ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምረናል፣ ገንዘቡ ይመጣል» የሚል ሰው ሲያገኙ «በአሁኑ ደንብ በየትኛው መንገድ?» ብለው መጠየቅ ነውር የለበትም።

ታዲያ ከእነዚህ ምን ይጠቀማሉ? ገንዘቡን አሁን የያዘውን ሰው ያገኙበታል። የአሜሪካው የጤና ተቋም ሪፖርተር የተባለ ለሕዝብ ክፍት የመረጃ ቋት አለው። ኢትዮጵያ ብለው ሲፈልጉ የጥናቱ ርዕስ፣ የዋና ተመራማሪው ስም፣ ተቋሙ፣ የገንዘቡ መጠንና የሚያበቃበት ዓመት ይወጣል። በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚሠራ፣ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የቀረው ጥናት ካገኙ፣ ለዚያ ሰው የሚጽፉት ደብዳቤ ለአንድ ትልቅ ድርጅት አጠቃላይ አድራሻ ከሚጽፉት ብዙ ደብዳቤ ይበልጣል። በነርሲንግ በኩል ደግሞ ሲግማ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ኢንዲያና በስድስት የነርሲንግ ተማሪዎች የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ በነርሶች ለሚመሩ ጥናቶች አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ከማስተርስ በኋላ ያስቡት።

ወደ ትምህርቱ ልለፍ።

ብዙ ሰው ስኮላርሺፕ ሲል ዓይኑ ባሕር ማዶ ነው። እኔ ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን ከአገር ውስጥ ስፖንሰርሺፕ እጀምራለሁ። የክልል ጤና ቢሮና ጤና ሚኒስቴር ለመንግሥት ጤና ባለሙያዎች የድኅረ ምረቃ ኮታ ይመድባሉ። ሀገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ የሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍልም መልቀቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል። ከዚያ ውል ይፈረማል። ውሉን ግን ከፈረሙ በኋላ ሳይሆን ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት። ደመወዝ ይቀጥላል ወይ? ስንት ዓመት ማገልገል ይኖርብኛል፣ የት? አገልግሎቱን ሳልፈጽም ብለቅ የምከፍለው ስንት ነው፣ ዋሴስ ምን ይሆናል? ዋስ የሆነ ዘመድ በማያውቀው ዕዳ ሲከሰስ ማየት ደስ አይልም። የአገር ውስጥ ማስተርስ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የመመረቂያ ጥናትዎን በራስዎ ክፍል፣ በዚሁ በሕፃናቱ ቅዝቃዜ ላይ መሥራት ይችላሉ። ያኔ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ በአንድ ይፈታሉ።

ባሕር ማዶ ከሆነ፣ መጀመሪያ የማይመለከትዎትን ይለዩ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በየዓመቱ በየቴሌግራሙ ይዞራል፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ለእኛ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ ግን ይመለከትዎታል። የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሲጨርሱ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። ብዙውን ጊዜ በነሐሴ ይከፈትና በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይዘጋል። የሚመርጡት ውጤት ያለውን ብቻ ሳይሆን የመሪነት ታሪክ ያለውን ነው፤ «ክፍላችን ሙቀት መመዝገብ የጀመረው እኔ ቅጹን ካስገባሁ በኋላ ነው» የምትል አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር «መሪ ነኝ» ከሚል ገጽ ትሻላለች።

የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ በልማት ላይ ላሉ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ በሃይደልበርግ የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ ጤና ማስተርስ ጭምር ያካትታል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ደግሞ በመደበኛው ከስድስት ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ይፈልጋል። የእርስዎ ሰባት ሆኗል። ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት ለትምህርቱ አስተባባሪ ጻፉና ይህ ያግደኝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቁርጡን ማወቅ የወራት ልፋት ያድናል። በአገራችን ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የሚያካሂደው ፕሮግራም አለ፤ አካል ጉዳተኝነትና ተሐድሶ ላይ ያተኮረ ነውና ቀዝቅዘው ከዳኑ ሕፃናት ቀጣይ ዕድገት ጋር የሚያያይዙት ሐሳብ ካለዎት ይመልከቱት።

ለሁሉም የሚያስፈልግ አንድ አሰልቺ ሥራ አለ። ስምዎ በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በትራንስክሪፕቱ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በፊደል በፊደል አንድ ነው ወይ? በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ሰው ነው የሚባሉት። የአያት ስም በአንዱ ኖሮ በሌላው ሲጎድልም እንዲሁ ነው። ይህን ማስተካከያ ከሬጅስትራርም ከፓስፖርት ክፍልም ጊዜ ይወስዳልና ጥሪ እስኪወጣ አይጠብቁ። ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕትዎን በቀጥታ ለመላክ ከወጪ መጋራት ወይም ከአገልግሎት ግዴታ ነፃ መሆንዎን የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ይህም ዛሬ የሚሠራ ሥራ ነው።

እህትዎ የምታዋጣው ገንዘብ የሚውለው እዚህ ነው። ለእንግሊዝኛ ፈተና፣ ለሰነድ ማረጋገጫ፣ ለመላኪያ፣ ለቪዛ። ጥናቱን በእሷ ገንዘብ አታካሂዱ። በግል ገንዘብ የተካሄደ ጥናት በማመልከቻ ታሪክዎ ላይ «ድጋፍ አግኝታ አወራርዳለች» የሚል መስመር አይጨምርልዎትም፤ ገንዘብ ሰጪ የሚፈልገው ያንን መስመር ነው። እህትዎ የምትሠራው በሆስፒታል ከሆነ ግን ከገንዘብ የበለጠ ልትሰጥ ትችላለች። የጤና ተቋማትን የሚያጣምሩ ድጋፎች አሉ። በጀርመን መንግሥትና በአንድ የሕክምና ፋውንዴሽን የሚደገፈው የሆስፒታሎች ትብብር ፕሮግራም አንዱ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 የእንግሊዝንና የታዳጊ አገሮችን የጤና ተቋማት የሚያጣምረውን ቴት የተባለ ድርጅት ያቋቋሙት ሰር ኤልድሪድ ፓሪ ራሳቸው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ያስተማሩ ሐኪም ነበሩ፤ የእንግሊዟ ከተማ የሌስተርና የጎንደር የብዙ ዓመት ጥምረትም ከዚያ ወገን የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ የነርሶችን የሥራ ላይ ሥልጠና በደንብ ይሸፍናል፤ የሚጠየቀውም በሆስፒታል ኃላፊዎች ፊርማ ነው። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1942 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ፣ በስማቸው በአዲስ አበባ የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል የቆመው ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ባስተባበሩት መዋጮ ጭምር ነው። ነርሶችም ሠልጥነውበታል።

ስለ አጭበርባሪዎች ብዙ አልልም። ስኮላርሺፕ ለማመልከት በግል የባንክ ሒሳብ ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። በየግቢው በር «ፕሮፖዛል እንጽፋለን» የሚሉትም ጽሑፉን ለብዙ ሰው ነው የሚሸጡት፤ ገምጋሚ ሁለተኛውን ቅጂ ሲያገኝ ሁለቱንም ይጥላል።

የማብቂያ ሰዓትን በተመለከተ፣ «ከቀኑ 17፡00 በብራስልስ ሰዓት» ከተባለ በእነሱ ክረምት ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በእነሱ በጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። መብራትና ኢንተርኔት በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሆኑ ያውቃሉና ከሁለት ቀን በፊት ያስገቡ።

አሁን የሚጽፉት ደብዳቤ ይህን ይምሰል፤ ለሰው እንጂ ለድርጅት አይጻፍ፦

«ለዶክተር እገሌ፦ በ(ይህ) አጠቃላይ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሪፈር ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብቤአለሁ። በክፍላችን ባለፈው ዓመት ከጤና ጣቢያ ከተላኩት (ይህን ያህል) ሕፃናት ሲገቡ ሙቀታቸው የተመዘገበው (ይህን ያህሉ) ብቻ ነው፤ ከእነዚህም (ይህን ያህሉ) ከ36.5 ዲግሪ በታች ነበሩ። በጉዞ ላይ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ አድርጎ መላክ ይህን ይቀንስ እንደሆነ ማጥናት እፈልጋለሁ። የዩኒቨርሲቲው ቀጣይ የምርምር ጥሪ ሲወጣ በዋና ተመራማሪነት ቢመሩት፣ እኔ በተባባሪ ተመራማሪነት ፕሮፖዛሉን አብሬ ለመጻፍና የመስክ ሥራውን ለመምራት ዝግጁ ነኝ። የአንድ ገጽ ሐሳብ አያይዣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ለ20 ደቂቃ ላገኝዎት እችላለሁ?»

ከዚህ ጋር የሚያያዘው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ስድስት ገጽ የሥራ ታሪክዎንና የሥልጠና ሰርተፊኬቶችዎን እስኪጠየቁ ድረስ ያቆዩአቸው። በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ በአካል ቢሮው ይሂዱ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ሰኞና ዓርብ መምህር ቢሮ አይገኝም።